ስለተሻሻልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ

ለተከበሩ አቶ ማኑሄ
የወይራ ጥላ ጎልፍ ሜዳ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለመሣሪያ ቁጥጥር ክፍልዎና እኛ ሰፈር ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሁሉ ሳይጓደልበት ለሚጠጣው ሣርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ወይዘሮ ዋጋነሽ እባላለሁ፤ ኮልፌ 18 ማዞሪያ መጋረጃ እሸጣለሁ፤ በቅርቡ እስከተባረርኩበት ጊዜ ድረስም የሜዳዎ ጀማሪ ተጫዋች ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ያደረግኩት፣ ቀደም ብለው ቢሮዎ የገቡት ማመልከቻዎቼ መልስ ሲጠብቁ ብቻቸውን እንዳይሰለቹ አጃቢ ልላክላቸው ብዬ ነው።

ወደ ሜዳዎ ለምን እንደመጣሁ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ ለጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። ልጃችን ቀዳማዊ አምና በክረምት ታሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አቶ ኃይለመስቀል አየር ጤና ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ ሳሎን ተቀመጠ፤ እኔ ደግሞ የእኔን ሱቅ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ልዩነታችን ይኸው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ጸለዩልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ሲዘምሩም ሲያለቅሱም ከመስታወት ወዲያ ማዶ ያሉ ይመስለኝ ነበር። የደም ግፊቴን የምትከታተለው ሐኪም በየቀኑ በእግር መሄድ እንዳለብኝ ስትነግረኝ፣ በጸሎት ኅብረት የምንገናኝ ጓደኛዬ ገነት፣ የሜዳዎ ነባር አባል በመሆኗ፣ አቧራ ላይ ከምትዞሪ ሣር ላይ ዙሪ ብላ ይዛኝ መጣች።

ሜዳዎ ለጀማሪዎች ዱላ ያውሳል። ያን ቀን በውሰት ዱላ ኳሷን ስመታት ምቱ እስከ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ደስታ አልነበረም፤ ክንዴን ነው ያመመኝ። ይሁን እንጂ የተሰማኝ ነገር ነበርና በነጋታውም ሄድኩ።

እንግዲህ አንደኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው፤ ተሻሻልኩ። አስቤበት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እየመጣሁ ስመታ ስመታ፣ ኳሷ ጫካ መግባቷን ትታ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች። የመሣሪያ ቁጥጥር ኃላፊዎ አቶ ብሩኬ ይህን ጥፋቴን ተመልክተው ኖሮ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው እንኳን ደስ ያለዎት ካለ በኋላ፣ «በመሻሻል ላይ ያለ ተጫዋች» ወደሚባለው ደረጃ ስላደግኩ የውሰት ዱላ ከእንግዲህ እንደማይሰጠኝ፣ የራሴን «ሙሉ ሴት» ይዤ ካልቀረብኩም በር ላይ እንደምመለስ በአክብሮት ይገልጻል። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ጮክ ብሎ እያነበበልኝ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደ ሶፋ ሴት፣ እንደ ሰሃን ሴት፣ የተሟላ የዱላ ስብስብ ማለትዎ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ግን፣ ልጇን የቀበረች ሴት ጎደሎ ናትና ሞልታ ትምጣ ያሉ መስሎኝ፣ ቢሮዎ ስለ እኔ ይህን ያህል ማወቁ ገርሞኝ ነበር። ቅር አላለኝም። በዚያን ሰሞን ቅር የሚለኝ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ደብዳቤዎ ዱላ ይዘሽ ነይ እንጂ ምን ዓይነት ዱላ፣ ከየት፣ በምን አቅም የሚለውን ለእኔ ነፃነት መተዉ ነው። አየር ጤና ሄጄ የጎልፍ ዱላ ብዬ ስጠይቅ ነጋዴዎቹ ለጥበቃ ነው ወይ አሉኝ። ቢሮዎ በመስታወት ሣጥን ያስቀመጠውን አዲሱን ስብስብ አቶ ብሩኬ አውጥተው አስያዙኝ፤ ለረጅም ጎልማሳ የተሠራ ስለሆነ ዘንጉ ድርቅ ያለ፣ ክብደቱም ትከሻ የሚያወርድ ነበር፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ስላደረጉልኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። በመጨረሻ የገነት ልጅ ሶፊ ስልኳን ከፍታ አንዱን ከሌላው እያመሳከረች አነበበችልን። ገና እየተሻሻለ ላለ ሰው ዘንጉ ቀለል፣ የብረቱ ጭንቅላት ሰፋ ያለ ዱላ ይሻለዋል፤ ምቱ መሃል ላይ ባያርፍ እንኳ ኳሷን ያነሳታልና። ርዝመቱ ከሰውየው ቁመት ጋር ይመዛዘን። ያገለገለ ቢሆንም ዘንጉ ካልተሰነጠቀ አይናቅም፤ መያዣው ላይ ያለው ጎማ ቢያልቅ ይቀየራል። ለመጀመሪያው ምት የሚሆነው ረጅሙ ዱላ፣ ከባለ ብረቶቹ ጥቂቶቹ፣ ኳሷን ከአሸዋ የሚያወጣውና ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ካሉ፣ ቦርሳውን ሞልቶ መሸከም ግዴታ አይደለም።

ሶፊ አጠያይቃ አስኮ የሚኖር ሮቤራ የሚባል ሹፌር አገኘችልን። ያሠሩት የነበሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት አገራቸው ሲመለሱ የሁለቱንም የጎልፍ ቦርሳ ትተውለት ሄደዋል። ልወጣ ስል ባለቤቴ፣ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፣ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። ሮቤራ ግቢ ውስጥ ሁለቱን ቦርሳዎች አቁሞ ጠበቀን፤ የባልየው የሚያብረቀርቅ፣ የሴትየዋ ያረጀ። ኃይለመስቀል የሚያብረቀርቀውን አንድ ጊዜ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ የሴትየዋን ዱላዎች አንድ በአንድ እያወጣ፣ የመኪና ዕቃ ሲገዛ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለታቸውን አየ፤ በጥፍሩም መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። እኔ አንዱን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ቀለለኝ። «ይሄኛው ነው» አለ ባለቤቴ። ዋጋው ላይም ሳንጨቃጨቅ ተስማማን፤ ሮቤራ ቤቱ ጠብቦት ስለነበር ቦታው እንዲለቀቅለት ፈልጎ ነበር።

ቤት እንደገባን ኃይለመስቀል ሳሎኑ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የተበላውን ጎማ በምላጭ ላጠ፤ ዘንጉን በቤንዚን አጸዳ፤ የሳይክል መሪ የሚጠቀለልበትን ጨርቅ አስመጥቶም ሁሉንም እኩል አድርጎ ጠቀለለ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ሳይለመን ራቱን በላ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ እርስዎ ራስዎ ያሉበትን ቀን ይመለከታል። ቦርሳውን ባለቤቴ ተሸክሞልኝ ቢሮዎ ስንገባ፣ አቶ ብሩኬ ዱላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ ደንቡ የሚፈቅደው ትልቁ የዱላ ብዛት ስላልሞላ ስብስቡ ሙሉ እንዳልሆነ አስረዱን። ይዘሽ መግባት የምትችዪው ከዚህ አይብለጥ የሚለው ደንብ ከዚህ አይነስ ተብሎ እንዴት እንደተነበበ ስጠይቃቸው፣ ውስጣዊ አሠራር ነው አሉኝ። መያዣውም የፋብሪካ አይደለም ተባለ። ባለቤቴ የጠቀለለውን ጨርቅ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀና አድርገው ሲያዩት እርስዎ ከውስጥ ቢሮ ወጡ። ጉዳዩን ሰሙ፣ ሽበቴን አዩ፣ ነጠላዬን አዩ፣ በፈገግታም እንዲህ አሉኝ፦

«እማማ፣ እርስዎ አሁን ከዚህ በላይ መሻሻል ያስፈልግዎታል?»

እኔ ጥያቄው የተገባ መስሎኝ እያሰብኩበት ነበር። የመለሰልዎ ኃይለመስቀል ነው፤ ቀስ ብሎ ስለተናገረ ምናልባት አልሰሙት ይሆናል፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፦ «መሻሻል አይደለም የፈለገችው። ጠዋት ከአልጋ የምትነሳበት ነገር ነው።» ከዚያ ዱላዎቹን መልሶ ወደ ቦርሳው ከተታቸው። እርስዎም በሩን በገዛ እጅዎ ስለከፈቱልን እናመሰግናለን።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ጠፋኝ። በዚህ ዓመት ብዙ ነገር ይጠፋኛል።

እንዳያስቡ ግን ቀሪውን ልንገርዎ። ሮቤራ የሆነውን ሲሰማ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲኬድ የአጎቱ የግጦሽ መሬት እንዳለ ነገረን፤ አጎትየውም ከብቶቹን እንዳንመታ አስምለውን ፈቀዱልን። አንዱን ቦርሳ ለሁለት እንጠቀምበታለን፤ ይህ ደንብዎን እንደሚጥስ አውቃለሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ኳሷን ስቶ መሬቱን ቆፈረ። የተነሳውን ሣር መልሶ በእግሩ እየረገጠ «ቀዳማዊ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር» አለ። ልጃችን ከሞተ ጀምሮ ስሙን በቤታችን የጠራው ሰው አልነበረም። «ይስቅብህ ነበር» አልኩት። አላለቀስኩም፤ አልሳቅኩምም። ተራዬ ስለነበር ዱላውን ተቀብዬ መታሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። እሱም ሊያመጣት እየተራመደ ወረደ፤ ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

የአባልነት መታወቂያዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ በክብር መልሻለሁ። ሣርዎን እኔን ከመሰሉ ሰዎች ስለጠበቁ፣ መስታወት ሣጥንዎም አዲሱን ስብስብ ገዢ እስኪመጣ በትዕግሥት ስለያዘ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴ ከነመላ ቤተሰቤ፣ ከባለቤቴና ከሮቤራ አጎት ከብቶች ጭምር ይድረስዎ።

ሁልጊዜም መልስዎን የምትጠባበቅ፣
ወይዘሮ ዋጋነሽ
ከኮልፌ 18 ማዞሪያ

ማስታወሻ፦ ገነት እንደነገረችኝ፣ ከእኔ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ጀማሪዎችዎ አቶ ብሩኬ ብቅ ሲሉ ኳሷን ሆን ብለው መሳት ጀምረዋል፤ ዞር ሲሉ ቀጥ አድርገው ይመታሉ። እባክዎ አሠልጣኝ አይቅጠሩላቸው። እርስዎ ፊት እንዲህ አሳምረው ለመሳት ብዙ ደክመዋል።