ክር የሚመስሉት ትሎች

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ሥራው እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ጋሼም፣ ባለቤታቸው እትዬም ደህና ናቸው። አባትሽ አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን የምጽፍልሽ ስለ እሳቸው ነው።

ሳሎን ያለውን የአባባን የዓሣ ገንዳ ታውቂው የለ? ሰሞኑን መስታወቱ ላይ ክር የሚመስሉ ነጫጭ ትሎች ሲርመሰመሱ አየን። እትዬ እጄን አዩና «ገንዳውን የምታጥበው እሷ ናት» አሉ። በማግስቱ የትል መድኃኒት አስዋጡኝ፤ ብርጭቆዬንም ከሌላው ለዩት። የጋሼ ልጆች «ትሊት» ይሉኝ ጀመር። እኔም ከሆዴ የወጡ መሰለኝ። እጄን እስኪላላጥ በሳሙና ፈተግሁት። ክፍል ውስጥም ሰው አጠገብ መቀመጥ ተውኩ።

ሲብስብኝ ጥቂት ትሎች ከነውኃው በጠርሙስ ቀድቼ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። አፍሬ «የጓደኛዬ ነው» አልኩት። በማጉያ መነጽር አየና ሳቀ። «ጭንቅላቱ እንደ ቀስት ቢሾል ኖሮ ክፉው ዓይነት ነው እልሽ ነበር። ይሄ ሰውም ዓሣም አይነካ፤ ከሰው ሆድም አይመጣ። ጠጠሩ ሥር የበሰበሰ ምግብ ሲያገኝ ነው የሚራባው። ለመሆኑ ጓደኛሽ ዓሣ ነው ሙሽራ የምትቀልበው?» አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። አባባ መጡ፤ ከምግቡ ቆርቆሮ ቆንጥረው ለዓሦቹ በተኑላቸውና ወንበራቸው ላይ አረፉ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሡ። «እነዚህን ዛሬ ዞር ብሎ ያያቸው የለም» ብለው ደግመው በተኑ። ትንሽ ቆይተው እንደገና።

እማ፣ ላንቺ ብቻ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን እራት ላይ ያቺ ብርጭቆ ፊቴ ስትቀመጥ «እኔ አይደለሁም፤ አባባ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያበሏቸዋል» አልኩ። ጮክ ብዬ። ምላሴን በቆረጠው። ልጆቹ ሳቁ። አባባ «እኔ? ዛሬ አጠገባቸውም አልደረስኩ» አሉ። ጣታቸው ላይ የምግቡ ብናኝ ነበር። ሁላችንም አየነው። እሳቸውም አዩትና እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁት።

እትዬ «አትቀየሚኝ» ብለው ብርጭቆዬን ከሌሎቹ ጋር መለሱት። ጋሼ ቆርቆሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። አሁን የማበላው እኔ ነኝ፤ ትሎቹም እየጠፉ ነው። አባባ ግን ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ትተዋል፤ ወይም እኔ ነኝ የተውኩት።

ትናንት ገንዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። «ከትምህርት ቤት መጣሽ ልጄ? ወንድምሽን ጥሪልኝ፤ ይሄ ልጅ ኳስ ሜዳ ውሎ ሊቀር ነው» አሉኝ። ጋሼ ሥራ ላይ ነበሩ። እንደ ሌላው ቀን ላርማቸው አፌን ከፈትኩና ያ እጃቸው ትዝ አለኝ። አንቺ እንደምትጠሪያቸው «እሺ አባዬ» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታው፤ መንገዱንም ያቅናልሽ። የዓመት ፈቃድሽን አትጠብቂ።

በሠራችው አፍራ የምትጽፍልሽ ልጅሽ