ወይዘሮ ለተማርያም ሰይፈሥላሴ እና የውሸቱ መርዶ

ወይዘሮ ለተማርያም ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ሰይፈሥላሴ መዝሙር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኘሁ ደስታ በጥር ወር 1948 ዓ.ም. ከማጂ በስተደቡብ፣ አባታቸው ድንበር ይጠብቁበት በነበረ የፖሊስ ጣቢያ ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ብርሃኑ ሰይፈሥላሴ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ብርሃኑ ይህንን የጻፍኩት የእኔ፣ የኤልሳቤጥ፣ አባት ናቸው።

ቤተሰቡ በቀብሩ ላይ እንዳነበው አዘጋጅቶ የሰጠኝ የሕይወት ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ «በወላጆቻቸው እንክብካቤ አድገው» ይላል። አላደጉም። አክስቴ በመጨረሻ የለመኑኝ እውነቱ እንዲነበብላቸው ስለሆነ፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር በእኔ ቅር ይበለው።

በኅዳር 1956 ዓ.ም. የጣቢያው ሰዎች ቆላ ወርደው የአርብቶ አደሮቹን ከብት ነድተው መጡ። ባለከብቶቹም በሳምንቱ ሊያስመልሱ ወጡ። ከብታቸውን ሲመልሱ፣ ወንዝ ዳር ውኃ ስትቀዳ ያገኟትን የሰባት ዓመት ልጅም ይዘው ሄዱ። አያቴ ወይዘሮ እታገኘሁ ልጃቸውን ሲያፈላልጉ ከረሙ፤ ተስፋ ሲቆርጡ ሐዘን ተቀመጡ፣ በዓመቱም ተዝካር አወጡ። አክስቴ ኋላ ይህንን እያነሱ ይቀልዱ ነበር፦ «የእኔ ተዝካር ድሮ ተበልቷል፤ ስሞት ድግስ ብላችሁ አትልፉ።»

ቆላ ያሳደገቻቸው ሴት ልጅ ሞታባት ነበር። ናኪሩ ብላ ስም አወጣችላቸው። ፍየል ጠበቁ፣ ቋንቋውን አወቁ፣ አማርኛውን ረሱ። እንደ አገሩ ወግ የታች ጥርሳቸው ወለቀ፣ ትከሻቸው ላይም ጠባሳ ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት እንዳለቀሱ፣ እንደተገረፉም አልደበቁንም። እያደር ግን ያቺ ሴት እናታቸው ሆነች፤ ይህንንም አልደበቁንም። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ጥሎሻቸው በከብት ተከፍሎ ተዳሩ። በ1968 ዓ.ም. ሎካሌ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. «የሃምሳ አለቃው ልጅ ቆላ አለች» የሚል ወሬ ጂማ ደረሰ፤ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ጂማ ገብቶ ነበር። አቶ ብርሃኑ ፖሊስ አስከትለው ወረዱ፤ እህታቸውንም በግንባራቸው ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። አክስቴ አልሄድም አሉ። እጃቸው ታስሮ መኪና ላይ ተጫኑ። የሁለት ዓመቱ ሎካሌ ከአያቱ ጋር ከብቶቹ ዘንድ ስለነበር እዚያው ቀረ። ዘመዶቻችን ይህንን «ከምርኮ ተመለሰች» ይሉታል። እርሳቸው ግን፣ «ሁለቴ ነው የተማረክሁት። በመጀመሪያው ልጅ ነበርሁ፤ በሁለተኛው እናት ነበርሁ» ይሉ ነበር።

ከጂማ ሁለት ጊዜ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ጠፍተው ሁለት ጊዜ ከመናኸሪያ ተይዘው ተመለሱ። በ1971 ዓ.ም. አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ዘመድ አዝማድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቤቱን ሞላው። አቶ ብርሃኑ ተነስተው ሎካሌ በኩፍኝ ሞተ ብለው አረዷቸው። ሎካሌ አልሞተም ነበር። እንዳትጠፋ፣ ልቧ እንዲቆርጥ ተብሎ ዘመድ የመከረበት ነገር ነበር፤ አያቴም ያውቁ ነበር። ምንም የማያውቀው ጎረቤት ንፍሮ እየያዘ ሦስት ቀን ሙሉ ከልቡ አለቀሰላቸው። አክስቴ ራሳቸውን ተላጩ፣ የአንገታቸውን ዶቃ በጠሱ፣ ከዚያ ወዲያም አልጠፉም። ቤተሰቡ «ልብ ገዛች» አለ።

ከዚያ በኋላ መሠረተ ትምህርት ተምረው ጨረሱ፤ በጂማ አንድ ዳቦ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠሩ። ባል ሲመጣላቸው አንድ ጊዜ ይበቃኛል ብለው መለሱ። በ1993 ዓ.ም. ቀድመው አሜሪካ የገቡት ወንድማቸው ወደ ሎስ አንጀለስ አስመጧቸው። አባቴ ከኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ፣ እናቴ ደብል ሺፍት ስትሠራ፣ ፓልምስ በሚገኘው አፓርትመንታችን እኔንና ወንድሜን ዮፍታሄን ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው። ልጃቸውን በውሸት ለገደለባቸው ሰው ልጆቹን አሳደጉለት። እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ፣ መኪና ማቆሚያ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሠሩ፤ ብዙዎቻችሁ እትዬ ለቱ የምትሏቸው ከዚያ ነው። በመጡ በወሩ አባቴ ጥርስ ሐኪም ጋ ወስደው የታች ጥርሳቸውን አስተከሉላቸው፤ በበጋ እንኳ እጀ ሙሉ ልብስ እንዲለብሱ መከሯቸው። ከወለቀው ጥርስ ይልቅ የሰው አፍ ነበር የሚያስፈራን።

በ2014 ዓ.ም. ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በቆላው አገር የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የነበሩ አቶ ዳኛቸው የሚባሉ እንግዳ በስልካቸው ቪዲዮ አሳዩን። ውኃው የወጣ ዕለት የአገሩ ወንዶች ለበሬዎቻቸው ሲዘፍኑ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዘፈኑን በእናቱ ስም ይጀምራል፤ ናኪሩ፣ ደገኞች የወሰዷት ናኪሩ እያለ። አክስቴ አማርኛን ዳግመኛ ከተማሩ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ያንን ስም ለመስማት ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ስልኩን ከሰውዬው እጅ ወስደው ደጋግመው አዩት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ «ብርሃኑ፣ ታውቅ ነበር?» አባቴ «ለአንቺ ብለን ነው» አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው አልቀለለም።

በአቶ ዳኛቸው በኩል ስልክ ተገኘ። እሑድ እሑድ ሎካሌ የስልክ መረብ ወዳለበት ኮረብታ እየወጣ፣ የአገሩ አስተማሪ እያስተረጎመለት ይነጋገሩ ጀመር። ያመለጣቸውን ቋንቋ አንድ አንድ ቃል እየለቀሙ መልሰው ያዙት። ሊሄዱ ትኬት ሊቆረጥ ሲል ኩላሊታቸው ታመመ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ቆላ መውረድ አይችልም ተባሉ። ያስተከሉላቸውን ጥርስ ያን ሰሞን አወለቁት። አፋቸውን ገልጠው የሳቁት ያኔ ነው።

ወይዘሮ ለተማርያም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ሎካሌን፣ እስካሁን ያላየናቸውን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ያሳደጉንን እኛን ትተው ሄደዋል። የዚያን አገር ሰዎች አምላክ፣ የእኛም አምላክ፣ በአንዱ ስማቸው ቢጠራቸው በሌላውም ይጥራቸው፤ ከእንግዲህ ማንም በማይወስዳቸው ቦታ ያስቀምጣቸው።

ባለፈው እሑድ ሎካሌ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጠብቋል። «ደክሟት ተኝታለች» ተብሎ ተነገረው። ሽማግሌዎቻችን «ቀስ ተብሎ ይነገረዋል፤ ደግሞስ እሱ ምን ያውቃታል» ብለዋል። አክስቴ ግን ኑዛዜያቸው አንድ ነበር፦ «የውሸቱን መርዶ የነገረኝ ብርሃኑ ነው፤ የእውነቱንም ለልጄ ብርሃኑ ይንገረው።» ዛሬ ከቀብር መልስ፣ እዚህ ሲመሽ እዚያ ጎህ ይቀዳል፤ የመርዶ ሰዓት ነው። አስተማሪው ሎካሌን ይዞ ኮረብታው ላይ ይጠብቃል። ስልኩን እኔ ደውዬ ለአባቴ እሰጣቸዋለሁ።