በቅቤ የታሸው ላስቲክ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለማንጠግቦሽ፣ አሰብ

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ እሳት የሚተፋ የአሰብ ፀሐይ እንዴት አድርጎሻል? የጋሼ ኃይለኢየሱስስ ሳል ለቀቀው ወይስ ወደቡ ላይ ባደረ ቁጥር ያው ነው? ልጆቹ አድገው አንቺን አከሉሽ? እኔማ በዚህ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን ደህና አይደለሁም፤ አንቺን ደግሞ ዋሽቼሽ አላውቅም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አርግዣለሁ። እልል እንዳትዪ፣ እትዬ። ውዳሴንም እንግዳንም የተገላገልኩት ይርጋለም ሐኪም ቤት ሆዴ ተቀዶ መሆኑን ታውቂያለሽ። እንግዳ የተወለደ ጊዜ ፈረንጁ ሐኪም ባሌን ተሻለን አስጠርቶ፣ «ማህፀኗ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ዳግመኛ ብታረግዝ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል፤ ያን ጊዜ እሷንም ልጁንም ልታጣ ትችላለህ» ብሎታል። ተሻለም ፊቱ አመድ መስሎ ነው የወጣው። ይወደኛል፤ ይህንን መካድ አልችልም።

እንግዲህ ባፍርም ልጽፈው ነው። ዲላ ክሊኒክ የሚያክሙት ድሬሰር፣ አቶ ወልደዮሐንስ፣ ኮንዶም የሚሉትን ላስቲክ በርከት አድርገው ሰጡት። ወንዱ የሚያጠልቀው፣ እርግዝና የሚከላከል ነገር ነው። አያያዙን ሊያስረዱት ሲጀምሩ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች የሳቁበት መሰለው፤ ከእጃቸው ነጥቆ ኪሱ ከቶ ወጣ። እኔንም «ሐኪም የሰጠው ነው፣ ከእንግዲህ አትስጊ» አለኝ። አልሰጋሁም።

ተሻለን ታውቂው የለ? ዕድሜውን ሙሉ ከኮቸሬ እስከ ዲላ ቡና በበቅሎ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ጭነት የሚታሰርበት የቆዳ ጠፍር ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል፣ የደረቀ ጠፍር ደግሞ ዳገት ላይ ተበጥሶ ጭነት ገደል ይከታል እያለ አባቱ አሳድጎታል። ቤት እንደገባ ራት ሳይቀምስ መጫኛውን በቅቤ የሚያሽ ሰው ነው። ያንንም ላስቲክ እንደ ጠፍሩ ቆጠረው። እንዳይደርቅ፣ እንዳይበጠስ ብሎ ቆርቆሮ ውስጥ በቅቤ አሽቶ አስቀመጠው፤ ሲያወጣውም ደግሞ ይቀባዋል። ለጋውን ቅቤ ከእቃው እየቆረስኩ የማቀብለው እኔው ነበርኩ። እንዲጠነክር ብለን እኮ ነው! አይ የኛ ነገር።

ሰኔ ላይ ማርገዜ ታወቀኝ። ለተሻለ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ «የማን ነው?» አለኝ። እትዬ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ሐኪም የሰጠው ነገር አይስትም፤ የሳተ ሌላ ሰው ነው» ብሎ አንሶላውን ይዞ ከበቅሎዎቹ ጋር ማደር ጀመረ። አማቴ እማማ ወርቂቱ ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ እሳት ላይ እንጨት ጨመሩ። እሱ መንገድ ሲሄድ ማን ወደ እንሰቱ ጓሮ እንደመጣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቁ። ሽማግሌም ተቀመጠ። እስቲ እዪልኝ በማርያም፣ በሽማግሎች ፊት ቆሜ ስለ ምን ላውራ? ስለ ላስቲክ? አንዱ ሽማግሌ «ምለሽ ንጹሕነትሽን አሳዪ» አሉኝ። እኔም «ያልበላሁትን አልምልም፤ ላስቲኩን የሰጡት ሰውዬ ይጠየቁ» አልኩ። ደፋር ተባልኩ። ይባልልኝ።

በማግስቱ ተሻለ ለዲላ የጫነውን ተከትዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ ነበርን። አቶ ወልደዮሐንስ ነገራችንን ሰምተው «የምታስቀምጠው እንዴት ነው?» ሲሉት በኩራት ቆርቆሮውን ከፈተላቸው። እኝያ ሰው ሽታውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። አንዱን አውጥተው ጣታቸውን ከተው ሳብ ቢያደርጉት እንደ ራሰ ወረቀት ተተረተረ። «ቆዳ ቅቤ ይወዳል፤ ላስቲክን ግን ቅቤ ይበላዋል» አሉት። «ደግሞስ ቅቤ ባይነካው ማን አይስትም አለህ? ደህና አድርገው ከያዙት አብዛኛውን ጊዜ ያድናል፤ ግን በደንብ ይዘውትም የሚያረግዙ አሉ። ያን ዕለት ቆመህ ብትሰማኝ ይህንን ሁሉ እነግርህ ነበር» አሉት።

ተሻለ ያችን ቁራጭ ላስቲክ እያገላበጠ ሲያይ ቆየ። ስንመለስ ይርጋጨፌ ሳንደርስ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይቅር በይኝ አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፤ ግን ከአፌ ነበር። «የማን ነው?» ያለኝ ድምፁ እንጀራ ስቆርስ ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ ምን ልሁን?

አሁን ቀኔ ደርሷል። ፈረንጁ ሐኪም ምጥ ሳይጀምርሽ ነይ ብሎኛል፤ እንደገና ሊቀደኝ ነው። እተርፋለሁ ወይ ብዬ ብጠይቀው በጣቱ ወደ ሰማይ አሳየኝ። ሰኞ እንሄዳለን። የቡና ወቅት ሆኖ ሳለ ተሻለ ጭነቱን ለሌላ ሰጥቷል።

ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ሌሊት ሌሊት ሆዴን ይዤ ስፌቱን እዳብሳለሁ። ከቀረሁ ውዳሴን አንቺ ውሰጂልኝ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ይህን ሁሉ ሳታፍሪ በአፍሽ ንገሪያት፤ እኛን ያጠፋን ማፈር ነው። የሚወለደውንም አደራ። እማማ ወርቂቱ ዛሬም አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ በዓይናቸው ይከተሉኛል። ሕፃኑን ማንን መሰለ ብሎ የሚያገላብጥ ሰው ቢኖር፣ አንቺ ቆመሽ «የተሻለ ነው፤ እህቴ ዋሽታ አታውቅም» በይልኝ።

ጋሼ ኃይለኢየሱስን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ነክሰሽ። ውዳሴ የአክስቴን ባሕር አሳዩኝ ትላለች። እንግዳ ይህን ወረቀት ካልጻፍኩበት ብሎ እያስቸገረኝ ነው። ተሻለ ደጃፍ ቆሞ «ሰላም በይልኝ፤ ማሪኝም በይልኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅቤ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ጠፍሮቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን እኔው ቅቤውን አውጥቼ አንድ በአንድ አሸሁለት። ሰኞ እኔን ይዛ ወደ አውቶቡሱ የምትወርደው በቅሎ የምትጫነው በእነሱ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይበጠሱበት።

እህትሽ ድንቅነሽ
ፍስሐ ገነት፣ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት
ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.