ሰሊጥ አይጠብቅም፣ ሕፃን ይጠብቃል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እርሻውና ከብቱ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ሩፊዳ እባላለሁ፤ በዚህ በመተማ ቆላ ጨርቅ ነግጄ የማድር፣ ኡመይር የሚባል ጡት የሚጠባ ልጅ እናት ነኝ። ጤና የምመኝልዎ ከአንገት በላይ አይደለም፤ ወላሂ ከልቤ ነው። በሰሊጥ ዘመቻ ቀን ቢታመሙ እርስዎም እንደ ልጄ ሆስፒታል መጥተው ባለሙያው ማሳ ሄዷል መባልዎ አይቀርምና፣ አላህ ከዚያ ቀን ይሰውርዎ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የጻፍኩት ቢሮዎ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ደጃፍዎ ቆሜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው። የምጽፈውም ልጄ ከተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ይተነፍሳል። ከዚህ በላይ የምነግርዎ የምሥራች የለኝም።

ነገሩን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋልና ላስታውስዎ። ኡመይር ብሽሽቱ ላይ እብጠት ነበረበት፤ ሲያለቅስ ይወጣል፣ ሲተኛ ይገባል። ሐኪሙ አይቶት አንጀቱ በቀዳዳ እየወረደ መሆኑን ነገረን፤ አንድ ቀን ወርዶ እዚያው ከታነቀ ደም አጥቶ እንደሚሞት፣ ልጁንም ይዞት እንደሚሄድ አስረድቶ፣ ሳይታነቅ ሊሰፋው ለማክሰኞ ቀጠረን። ጎሕ ከቀደደ በኋላ ጡት እንዳላጠባውም አስጠነቀቀኝ፤ ሆዱ ውስጥ ወተት ካለ በማደንዘዣው እንቅልፍ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ማክሰኞ ግን የእርስዎ የሰሊጥ አጨዳ ዘመቻ ቀን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ። የደረሰ ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ እንደሚረግፍ እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ በዚህ ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛ ቢጫ ኮፍያ ደፍቶ ወደ ማሳ ቢወጣም ደግ ነው፣ የሚነቀፍ አይደለም። እርስዎ ግን ከሌላው መሥሪያ ቤት ልብለጥ ብለው፣ ከተረኛ ሐኪምና ነርስ በቀር ከሆስፒታሉ አንድ ሰው እንዳይቀር አዘው፣ ያለንን አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ አቶ ቢሻውን ጭምር አውቶቡስ ላይ ጫኑት። ነርሷ ሲስተር ባየሽ ዛሬ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሕፃን አለብን ብላ ስትለምንዎ፣ ሰሊጥ አይጠብቅም፣ ሕፃኑ ግን እስኪመለሱ ይጠብቃል ብለው የመለሱላትን እኔ ልጄን ታቅፌ ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ለካ ሕፃን ከሰሊጥ የጠነከረ ፍጥረት ኖሯል! ወልጄ ይህን ሳላውቅ መቅረቴ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛ፣ ልጄን ጾም ስላስለመዱልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ እንኳን የሚጠባው ሕፃን፣ የምታጠባዋ እናትም ከከበዳት የረመዳን ጾም ይቆያታል፤ እርስዎ በሃይማኖት ከእኛ ጠነከሩ። ባለሙያው ከአሁን አሁን ይመለሳል ተብሎ ጡት እንደተከለከለ ረፋዱ አለፈ፣ ቆላው ጋለ፣ ልጄ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ጡቴን ሲያጣ ቀሚሴን ማኘክ ጀመረ። ሲስተር ባየሽ፣ ጠረንሽን እያሸተተ ነው እንዲህ የሚሆነው ብላ ከእቅፌ ወሰደችውና እኔን ግቢው ውስጥ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር ሂጂ ተቀመጪ አለችኝ። ጡቴ ሞልቶ በቀሚሴ ላይ ይፈስሳል፣ ልጄ በመስኮቱ ይጮኻል፣ እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ተቀምጫለሁ። ኧረ ሆድ ይፍጀው! ጩኸቱ ድንገት ሲቆም ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሮጬ ስገባ ግን አልተኛም፤ ዓይኑን ከፍቶ ጣራውን ያያል፣ አረንጓዴ አስታውኳል፣ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ጠቁሯል። የፈራነው ደረሰ። ሐኪሙ አለ፣ አልጋው አለ፣ ምላጩ አለ፣ የሚያደነዝዘው ሰው ብቻ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ አምቡላንሱ። ወደ ጎንደር ይዘነው እንሂድ ብንል ለዘማቾቹ የሚጠጣ ውኃ ጭኖ ሄዷል ተባልን። መቼም የተጠማ ማጠጣት ጽድቅ ነውና በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

አራተኛ፣ ስለ አቶ ቢሻው እጅ። ባሌ ኸሊፋ ትራክተር ነጂ ነው፤ የጓደኛውን ሞተር ሳይክል ለምኖ ከማሳ ማሳ ሲፈልገው ዋለ። ሁሉም ቢጫ ኮፍያ ደፍቷል፣ ፊት አይለይም። የሚያስተኛውን ሰውዬ አያችሁ ወይ እያለ ሲጠይቅ፣ ከወሎ ለአጨዳ የመጡት ሠራተኞች፣ ወንድም ዓለም፣ እዚህ የምታስተኛው ፀሐይዋ ናት ብለው አሾፉበት፤ የልጁን ነገር ሲሰሙ ግን ማጭዳቸውን ጥለው በየፊናቸው እየተጣሩ ፈለጉለት። አገኙትም፣ ከዛፍ ሥር፣ ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ። ማጭድ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነውና ገና እንደጀመረ ጣቱን ቆርጦት ነበር። ይህም ሳያንስ፣ ቢሮ የለመዱት ዘማቾችዎ ያጨዱትን ነዶ እንደ ጤፍ አጋድመው ከምረውታል። የሰሊጥ ነዶ ተደጋግፎ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ነው የሚደርቀው፤ ወሎዬዎቹ ቢነግሯቸውም የሰማቸው የለም። ፍሬው መሬት ላይ ፈስሶ የወፍ ቀለብ ሆኗል አለኝ ኸሊፋ። ልጄ ሲጠብቅ የዋለው ለዚህ ነው።

አቶ ቢሻው በሞተሩ ተፈናጦ መጣ፤ ቁስሉን አጥቦ፣ ጓንት ደርቦ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባ። እሱን አልወቅሰውም፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲጠራ ሐኪሙ ወጥቶ፣ ከአንጀቱ የሞተውን ቆርጦ ማውጣቱን፣ የቀረውም አንጀት ይዳን አይዳን ገና እንዳልታወቀ፣ ስለዚህ ሐሙስ ሆዱን ደግሞ ከፍቶ ማየት እንዳለበት ነገረን። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ትንሽ መስፋት ብቻ ይበቃው ነበር አለ። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እርስዎን ፈርቶ ይሁን እኔን አላውቅም።

ኡመይር አሁን አያለቅስም። ሰፈር የሚያናውጥ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ጣቴን ባስይዘው አይጨብጥም። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ልሰድብዎ አስቤ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ልጄ ገና ከእርስዎ ሆስፒታል አልወጣምና ዋጥኩት።

ለሰሊጥ የሰጠዎትን ርኅራኄ አላህ ለሰውም ያድልዎ እያልኩ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢጫ ኮፍያዎ ጥላ፣ ለልጆችዎም ከዘመቻ ቀን ውጭ የሚመጣ ሕመም እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
ሩፊዳ፣ እስከ አሁን የኡመይር እናት

እንዲያው ሳልረሳው፦ ዛሬ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ሲነገር እንደሰማሁት፣ ሁለተኛው ዙር ዘመቻ ሐሙስ ነው፤ አሁንም ማንም እንዳይቀር ብለዋል። የአውቶቡሱ ሾፌር የልጆች አባት ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልነግርዎትም። የአውቶቡሱ ቁልፍ አሁን ከኡመይር ትራስ ሥር ነው። የሚፈልጉት ከሆነ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት፤ ሕፃናት ክፍል፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ ነው። ሲገቡ ግን እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ልጄ ጡት ሳይጠባ ነው የተኛው።