አንዲቷን «ቸ» ያልሰረዙት የወይዘሮ ጠርሙስ የሕይወት ታሪክ

ጋዜጠኛና ደራሲ ወይዘሮ ጠርሙስ ከወንዝ ልክ አንባቢው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ከድልድዩ ሥር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በመታወቂያቸው ላይ የሰፈረው ስም በእጃችሁ ባለው የቀብር ወረቀት ሽፋን ላይ ታትሟል፤ እኛ ግን አገር ባወቃቸውና እሳቸውም ደብዳቤ በሚፈርሙበት ስም እንጠራቸዋለን። ስሙን ያወጣላቸው የፋብሪካ ዘበኛ ነው። እንዴት እንዳወጣላቸው በቦታው ይነገራል።

አባታቸው የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በየጠዋቱ ወደ ወንዙ ወርደው፣ ውኃው ውስጥ ከተተከለው ባለ ቁጥር እንጨት ላይ የዕለቱን ከፍታ አንብበው በደብተር ይመዘግባሉ። ከማንበባቸው በፊት ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው ወንዙን «እንዴት አደሩ?» ይሉ ነበር። ለምን ሲባሉ «ከአያቴ በፊት እዚህ የነበሩ ናቸው፤ በየት አባቴ አንተ እላቸዋለሁ?» ነበር መልሳቸው። እናታቸው በዚያው ወንዝ ዳር የሆቴል አንሶላ ያጥቡ ነበርና፣ «ይሄ ሰውዬ ለውኃው አንቱ፣ ለእኔ አንቺ» እያሉ ጓደኞቻቸውን ያስቁ እንደነበር ይነገራል።

ወይዘሮ ጠርሙስ በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ በድርሰት ደብተራቸው ላይ «ወንዙ ዛሬ ሁለት ሜትር ናቸው» ብለው ጻፉ። መምህሩ በቀይ ሰረዙና «ወንዙ ነው» ብለው መቶ ጊዜ እንዲጽፉ ቀጧቸው። ዘጠና ዘጠኙን እንደታዘዙት ጻፉ። መቶኛውን «ወንዙ ናቸው» ብለው ዘጉት። መምህሩ እስከ መጨረሻው ስላላነበቡ ከሥሩ «በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙበት። ደብተሩ ዛሬም ቤት አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይቁጠር።

በ1966 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወሰዱ፤ በ1968 ዓ.ም. በአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። መስኮቱ በቀለም ተለስኖ የማይከፈት፣ ሰባት መኪና በአንድ ጊዜ የሚንጫጫበት ክፍል ነበር። ዘጋቢዎቹ ጽሑፋቸው ከሰጡት ተሽሎ ሲመለስላቸው ቅር ይላቸው ነበር፤ ዋና አዘጋጁን ግን ደስ አላቸው። በ1971 ዓ.ም. ወደ አራሚነት አደጉ። ገጽ ሁለት ላይ፣ ከታች በስተቀኝ የምትወጣውን «እርማት» የምትባል ትንሽ ሣጥንም ያዙ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። እኚህ ሴት እርማት የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሳሳተ የእግር ኳስ ውጤት፣ የተገለበጠ ፎቶግራፍ፣ የተዛባ ማዕረግ አርመዋል፤ ጋዜጣው በስሕተት «ሞቱ» ያላቸውን አንድ የጥርስ ሐኪምም በሁለት መስመር ከሞት አስነሥተዋል። የራሳቸው ስሕተት ሲገኝ ከማንም ቀድመው የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። ኋላ ላይ «ግትር ናት፣ ማረም አታውቅም» ብሎ ያወራ ሁሉ፣ ያወራው ማረምን ስላስተማሩት ሴት ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከድልድዩ በላይ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ተከፈተ። ወንዙ ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ሆነው ይወርዱ ጀመር። ዓሣው ተንሳፈፈ። የሆቴሉ አንሶላ ነጭ ገብቶ ሮዝ ወጣ፤ ሆቴሉም አጣቢዎቹን አሰናበተ። የእናታቸው እጅ ከዚያ በፊት መላላጥ ጀምሮ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ወይዘሮ ጠርሙስ ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ቀይ ውኃ ቀድተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በእግራቸው ወደ ፋብሪካው በር ሄዱ። ዘበኛው ውኃ ፍለጋ የመጡ መሰለው።

«እትዬ፣ ቧንቧው በዚያ በኩል ነው» አላቸው።

«የለም ልጄ፣ ልቀዳ አይደለም። ንብረታችሁ ወደ እኛ ሰፈር ፈስሶ ስላገኘሁት ላስረክብ ነው።»

ዘበኛው ወደ ውስጥ ስልክ ደውሎ «አንዲት ወይዘሮ ጠርሙስ መጥተዋል» አለ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና። ጠርሙሱን የሚረከባቸው ስላልተገኘ ይዘውት ተመለሱ፤ ቀኑን ጽፈው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ቀጥለው ሁለተኛ ቀዱ፣ ሦስተኛም። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አለ።

በዚያው ዓመት ኅዳር «ወንዙ ታመዋል» የሚል ጽሑፍ ለጋዜጣው አቀረቡ። ዋና አዘጋጁ አስጠሯቸው።

«ወንዝ አንቱ ይባላል እንዴ? ሰው ይስቅብናል።»

«የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ አንቱ ብለን አይደል የምንጽፈው?»

«እሳቸውማ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እሳቸው እዚህ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። ወንዙ በዕድሜ ይበልጧቸዋል።»

ዋና አዘጋጁ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና «ይውጣ» አሉ። ወጣ። በማግሥቱ የአውቶቡስ ረዳቶች ድልድዩ ላይ ሲደርሱ በመስኮት ብቅ እያሉ ወንዙን «እግዜር ይማርዎ» ይሏቸው ጀመር።

ፋብሪካው እርማት ጠየቀ። የእርማቷ ሣጥን የወይዘሮ ጠርሙስ ነበረችና እሳቸው ራሳቸው እንዲጽፉ ታዘዙ። ታዛዥ ሠራተኛ ስለነበሩ ጻፉ፦ «ባለፈው ወር በገጽ አራት ‹ወንዙ ታመዋል› ብለን ነበር። ስሕተት ነው። ብሶባቸዋል።» ሣጥኗን ከእሳቸው በቀር የሚያነብ ስላልነበረ እንዳለች ታተመች። ከዚያ በኋላ መላው ከተማ አነበባት።

በዚህም ምክንያት ወደ መስቀለኛ ቃላት ገጽ ተዛወሩ፤ እስከ 1987 ዓ.ም. እዚያው ቆዩ። ቅጣት መሆኑ ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱን የማያስታውስ አንባቢ የለም፦ «በዝናብ የሚከፈት፣ በፀሐይ የሚካድ፤ ሦስት ፊደል።» መልሱ «ቧንቧ» ነው፤ የፋብሪካው።

ባለቤታቸውን ያገኙት ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ መድኃኒት ቤት ሲመላለሱ ነው። ባለሙያው በአሥራ አንደኛው ቀን «እዚህ ቤት ከጠርሙስ ሌላ የሚፈልጉት ነገር የለም?» ብለው ጠየቁ። በ1982 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1984 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። እናቱ የቧንቧን ነገር አጥብቀው ስለያዙበት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ልጃቸው ዛሬ የታወቀ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ባለቤታቸው በ2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ እስከዚያ ድረስ ጠርሙስ አፍልቶ ማጠብ የእሳቸው ሥራ ነበር። እናታቸው ደግሞ ለወራት አስሏቸው በ1985 ዓ.ም. ሞቱ።

ጋዜጣውን ለቀው በ1989 ዓ.ም. «ወንዙ እንዴት አደሩ?» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከገጽ 112 ነው። እዚያ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ወንዙ በዕድሜ አልሞቱም፤ ፋብሪካው ገደላቸው።»

በ1990 ዓ.ም. የፋብሪካው ጠበቃ ቢሯቸው ጠርተው በትሕትና አነጋገሯቸው።

«ወይዘሮ፣ ‹ገደላቸው› ሲሉ ሰዎች ያስመስሉታል። እነማንን ነው የገደለው? ‹ገደለው› ይበሉና ወንዙ ብቻ ይሁን። እኛም ዝም እንላለን። አንዲት ‹ቸ› እኮ ናት።»

ወይዘሮ ጠርሙስ ጥያቄውን ይዘው ወጡ። ያቺን «ቸ» የጻፏት ለወንዙ ክብር ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው አላሰቡባትም። ቤት ገብተው ወረቀት አወጡና፣ ከእናታቸው ጎን ተንበርክከው ያጥቡ የነበሩትን ሴቶች ከነቅጽል ስማቸው ጻፉ። ከእናታቸው ጋር አሥራ ሦስት ሆኑ። ዘጠኙ ሞተዋል። ስድስቱ አንድ ዓይነት ሳል ስለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዘጠኙን ሴቶች ቤት አንኳኩ። የሐኪም ወረቀት ከፍራሽ ሥር አስወጡ፤ የሆቴሉን አሮጌ የሥራ መዝገብ ከአባታቸው የወንዝ ደብተርና ከመደርደሪያው ጠርሙሶች ጋር ቀን በቀን አመሳከሩ። በ1999 ዓ.ም. ሁለተኛ መጽሐፋቸው ወጣ። ርእሱ የጠበቃው ጥያቄ ነበር፦ «እነማንን?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጽ 112 ላይ ያለው ቃል ለወንዙም ለሴቶቹም ይነበባል። ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. ማጣሪያ ሠራ፤ ምንም እንዳላጠፋም በዚያው ቀን መግለጫ አወጣ። ወይዘሮ ጠርሙስ «የሚጣራ ነገር የሌለው ምን ያጣራል?» ብለው አለፉት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በታተመ ቁጥር፣ አምስት ጊዜ፣ ‹ቸ›ዋን እንዲያወጧት ደብዳቤ ደረሳቸው። አምስቱንም ጊዜ አላወጧትም።

ቤታቸው ትምህርት ቤትም ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች የእህታቸው ልጅ እሳቸው ዘንድ አድጋ ፊደል የጠገበችው በማረሚያ ወረቀት ላይ ነው። አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አራት ነጥቡንም ድርብ ሰረዙንም ሳታስቀር፤ አንዷ ትከተላለች። በስሕተት የተሰረዘ ቃል ሲገኝ ከሥሩ ሦስት ነጥብ ይደረግና ኅዳጉ ላይ «ይቆይ» ተብሎ ይጻፋል። «ዲፕሎማሽ የታል ያለሽን፣ ስሕተቴ የታል በዪው» ብለዋታል። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት፤ ስሕተት ያገኘ እጁን ያውጣ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. «ለወራሾች» የሚል ደብዳቤ ከፋብሪካው መጣ። ልብ በሉ፣ በሽተኛዋ በዚያ ሰዓት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የነርሷን የመድኃኒት ሠንጠረዥ ፊደል እያረሙ ነበር። ደብዳቤው ውስጥ ገጽ 112 ተባዝቶ፣ «ቸ»ዋ በቀይ ተሰርዛ፣ ከሥር የፊርማ መስመር ተሰምሮላታል። ታላቅ ወንድማቸው ለእሳቸው ሳያሳዩ ኪሳቸው ከተቱት።

ወይዘሮ ጠርሙስ ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ሞቱ። «አረፉ» እንዳንል አዘውናል። «የደከመው ይረፍ፤ እኔ አልደከመኝም» ብለው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቤተሰቡ ጠርሙሶቹ ባሉበት ክፍል ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድማቸው ሰላም ወዳድ ሰው ናቸው። «ሰው በሰላም ይቀበር፤ ፈርመን እንገላገል» ይሉ የነበሩትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ስንጽፍም አልተቆጡንም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ጠየቁ። የፊርማው መስመር ላይ ደረሱና ወደ ላይ ተመልሰው ዓረፍተ ነገሩን አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«እማዬ እዚያች ‹ቸ› ውስጥ ናት» አሉ። «አውጥቼ የት ላድርጋት?»

ከተሰረዘችው ፊደል ሥር ሦስት ነጥብ አደረጉ። ኅዳጉ ላይ «ይቆይ» ብለው ጻፉ። ከእሳቸው ቀጥለን ሁላችንም ከነጥቦቹ ጎን ፈረምን። የፊርማው መስመር ባዶውን ተመለሰ።

ከፋብሪካው አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። መልሳችሁ ትናንት በአደራ ፖስታ ተልኳል፤ ባይደርሳችሁም ይኸው በጆሯችሁ ሰምታችኋል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። እኛ የምንወቅሰው ሙት የለም፤ የምንወቅሰው ዛሬም በሩ ክፍት ነው።

ወይዘሮ ጠርሙስ አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት አፈኛ የእህት ልጅ፣ ሁለት መጻሕፍትና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ትተው ሄደዋል። ወንዙም አሉ፤ ከማጣሪያው ወዲህ ትንሽ ሻል ብሏቸዋል። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በድልድዩ ላይ ነውና የምታልፉት፣ እንዴት ዋሉ በሏቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከጠራ ውኃ ዳር ያኑርልን፤ እናታቸውንና ስምንቱን ጓደኞቻቸውን ነጭ አንሶላቸውን አስጥተው ያግኟቸው። ስማቸውን ከሕይወት መዝገብ የሚሰርዝ እጅ ቢነሣ፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ ይደረግ።

ይቆይ።