የአባዬ ምስክር

ደብረ ታቦር፣ ረቡዕ መስከረም 14

ዛሬ ከቀበሌ ባዶ እጃችንን ተመለስን። አዲስ አበባ ያለው የግል ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሥዕል እንድማር ተቀብሎኛል፤ ክፍያው ግን ከአባዬ አቅም በላይ ነው። የክፍያ ድጋፍ ለመጠየቅ መክፈል እንደማንችል የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለደብዳቤው ደግሞ ሦስት ምስክር። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።

ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እንደ ምንም ብለው "አቅም የላቸውም" አሉ። ሦስተኛው ምስክር የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላ ናቸው። ጸሐፊው ሲጠይቃቸው ዞር ብለው አባዬን አዩት። አባዬ የክት ኮቱን ለብሶ መሬት መሬቱን ያያል።

"ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሙ ምን ጎደለበት! ከቤቱ እንግዳ ጾሙን አድሮ አያውቅም" አሉ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንግዲያው ድጋፉ ለምን አስፈለገ?"

ቄሱ ነገ ጠዋት አባዬ ባለበት ቃላቸውን ካላስተካከሉ ደብዳቤውን እንደማይጽፍ ነገረን።

ስንወጣ በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። አባዬ ግን "ሰማሽ ቄስ ሞላ ያሉትን?" አለኝ። ፊቱን ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ፤ እንዲህ በርቶ ግን አይቼው አላውቅም።

ቤት ከገባን ጀምሮ ለእማዬ ሦስት ጊዜ ነግሯታል። አሁንም እየነገራት ነው። ነገ እዚያው እሱ ፊት ቃላቸውን እንዲያጥፉ ቄሱን የምለምነው እኔ ነኝ።