በፋይሉ ቦታ የቆመው ሰሌዳ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺንና የልጆችሽን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ እኔ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር፣ ደህና ነኝ።

በይዞታ መዝገብ ቤታችን ደንብ፣ ፋይል ያወጣ ሠራተኛ ስሙ የተጻፈበትን የእንጨት ሰሌዳ በቦታው ያቆማል። ሰኞ ዕለት፣ የባሏ ወንድም ቤቷን ሊነጥቃት ስለከሰሳት፣ በነጋታው ለሚሰየመው ችሎት የይዞታ ካርታዋን ልትወስድ የመጣች አንዲት ባልቴት በመስኮቱ ቆማ ስትጠብቅ፣ እኔ ከመደርደሪያው ያገኘሁት ፋይሉን ሳይሆን ሰሌዳ ነበር።

«የትኛው ዝንጉ ነው ወስዶ ያልመለሰው?» ብዬ ስቆጣ፣ ጸሐፊያችን ከት ብላ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሰሌዳው እኮ የእርስዎ ነው!»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስሜን ግን ደግሜ አነበብሁት።

ፋይሉን ከቤቴ፣ ከልብስ ሣጥኔ ሥር፣ በራሴ አስተሳሰር ተጠፍሮ አገኘሁት፤ ችሎቱ ሳይሰየምም ለባልቴቲቱ አደረስሁላት፤ ዕድሜ ይስጥህ ብላ መረቀችኝ። የሥራ ብዛት ያመጣው ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሣጥኑንና አልጋውን፣ እሳት ከመለኮሴም በፊት ምድጃውን ሳይቀር እፈትሻለሁ።

ሰላምታዬ ለቤተሰብሽ ሁሉ ይድረስልኝ። የልጆችሽን ፎቶግራፍ ስትልኪልኝ፣ አደራሽን፣ ከየጀርባው ስማቸውን ጻፊልኝ፤ በራስሽም ፎቶግራፍ ላይ ስምሽን።

የማይረሳሽ ታላቅ ወንድምሽ